ሊማሊሞን እየወረደች ነው

ጎንደር፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን
ፑኔ፣ ሕንድ አገር

የኔ ሸጋ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እዚያ ሙቀቱ ጀምሯል አሉ፤ ውኃ ጠጪ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ የሚያሳፍር ነገር ላጫውትሽ። ብቻሽን ሳቂ፣ አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆች ግን እንዳታወሪ። ሰሞኑን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጥርሴን የታመምሁ ይመስለዋል። ጥርሴ ደህና ነው። ከመስከረም ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል እየሄድሁ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግራለሁ። አዎ፣ እኔው እናትሽ። ታዲያ አንድ ቀን ከዚያ ክፍል ስወጣ ከጎረቤታችን ከማናዬ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ማናዬን ታውቂያታለሽ፤ ጠዋት የሰማችውን ቀትር ሳይሆን አዘዞ የምታደርስ ናት። "ምነው የትነበርሽ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ?" ብላ በስሜ ስትጠራኝ እጄ ራሱ ሄዶ ጉንጬን ያዘ። "ጥርሴን" አልኋት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ በሾርባ ተጥለቀለቀ። አንዷ ቅርንፉድ ታመጣለች፣ አንዷ በጨው ተጉመጥመጪ ትላለች። ማናዬማ ጭራሽ ፈሪ ነሽ ብላ እጄን ይዛ ፒያሳ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ልጁ አፌን አስከፍቶ በመብራት ሲያይ ሲያይ ቆየና "እናቴ፣ ጥርስዎ ከኔ ይሻላል" አለኝ። ማናዬ ይህ ሕፃን ምን ያውቃል ብላ ተቆጥታ ወጣች። እኔም ለይሉኝታ ጉንጬን እንደያዝሁ ተከተልኋት።

አየሽ ግን እንዴት እንደምዞር? በጥርስ ገብቼ በማናዬ ወጣሁ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚያረዳ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ስለ ዝናቡ ያነሣል፣ ስለ እህሉ ይጠይቃል፣ ሰውየው ቁርስ መብላቱን ያረጋግጣል። ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ አልዞርም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ይኸው ዞርሁ። እንግዲህ ይበቃል፣ ልንገርሽ።

ከትናንት በፊት ባለው እሑድ በቪዲዮ ስትደውዪ "እማ፣ አባዬ ከስቷል ልበል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አክስትሽ ብርቄ "ጾሙ ነው" አለችሽ፤ አንቺም ሌላ ወሬ ጀመርሽ። ልጄ፣ አባትሽ መቼ ጾሞ ያውቃል?

አባትሽ በሕይወት አለ። ይህን አስቀድመሽ ያዥልኝ። ግን ታሟል፤ ጉበቱ ላይ ካንሰር ወጥቶበታል። ከጥምቀት በኋላ ለጡረታው ጉዳይ አዲስ አበባ ሄደናል ያልንሽ ለዚሁ ነበር። ሐኪሞቹ አይተው፣ የሚደረግ ነገር እንደሌለ፣ ክረምቱንም መሻገሩን እንጃ ብለው፣ ማስታገሻ ሰጥተው መለሱን። እሑድ እሑድ የምታይው አባትሽ የተሰናዳ አባት ነው። ከኮቱ ሥር ሹራብ በሹራብ ላይ እናለብሰዋለን። ጉንጩ ጥላ እንዳይጥል ብርቄ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ታዞርለታለች። እሱም ጂኦግራፊ እንደሚያስተምርበት ዘመን ድምፁን አወፍሮ "እሺ፣ ፑኔ የአየሩ ጠባይ እንዴት ነው?" ይልሻል። ስልኩ ሲዘጋ ትራሱ ላይ ይወድቅና እስኪመሽ ቃል አይወጣውም።

እንዳይነገርሽ የተማከርነው አዲስ አበባ ደርሰን የተመለስን ሰሞን ነው። ብርቄ ሁላችንንም ሳሎን ሰበሰበችና ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏ ዲፌንስ ደርሷል፣ መጥታ ምን ልትፈይድለት፣ ትጨርስና ያን ጊዜ ቀስ ተብሎ ይነገራታል አለች። ከዚህ ቤት ወሬ ወደሷ የወጣ እንደሆነ ከኔ ጋር ያበቃል ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። አባትሽ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። በብርቄ እንዳትፈርጂ፤ ሾርባውን በማንኪያ እያጎረሰች፣ ሲያልበው እየጠረገች የምትውለው እሷ ናት። ለአንቺ አስባ ነው። ያኔም ለኔ ታስቦ ነበር፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አሁን ስለ ማክሰኞዎቹ ልንገርሽ፤ ያለዚያ ይህን ደብዳቤ ለምን እንደጻፍሁ አይገባሽም።

አምና ሐምሌ ስልክ አላነሣ ያልሽብኝን ቀን ታስታውሻለሽ። የትምህርት ክፍልሽ ደወልሁ፣ የቤት አከራይሽ ዘንድ ደወልሁ፣ በማላውቀው እንግሊዝኛ ዴልሂ ኤምባሲ ድረስ ደወልሁ። አንቺ ለካ ሲኒማ ገብተሽ ኖሯል። ማታ ስትደውዪ አልቅሰሽ ነበር። "እማ፣ ትንፋሽ አሳጣሽኝ። እስክትረጋጊ አትደውዪልኝ፤ እሑድ እሑድ እኔ እደውላለሁ" አልሽኝ። ተቀይሜሽ ነበር፤ አልዋሽሽም። በሆዴ እንዲህ ያለ ልጅ ወለድሁ እያልሁ ክረምቱን አሳለፍሁ። መስከረም ላይ ግን ስልኩን ታቅፌ እንደተቀመጥሁ ሲነጋብኝ አየሁና ፈራሁ። ሄድሁ።

ባለሙያዋ ኤሌኒ ትባላለች። ካንቺ በዕድሜ የምታንስ፣ ጫማዋ ሸራ የሆነ ልጅ ናት። እሷን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ይችን ምሳ ልጋብዛት ወይ የሚል ነበር። ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ተሰማዎት ሲባል ያስቃል፤ እኔም የመጀመሪያውን ሰሞን ስቄ ነው የተመለስሁት። አንድ ማክሰኞ ግን ብሌን ስልክ ሳታነሣ ስትቀር ምን ይታይዎታል አለችኝ። ሴቶች ይታዩኛል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ የቆሙ ሴቶች አልኋት። የማን በር ላይ አለችኝ። ያንቺ ቤት በር ላይ ልላት አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን የአክስቴ ቤት በር ነው፤ መድኃኔዓለም ሰፈር ያለው፣ ልጅ ሆኜ የኖርሁበት።

እናቴ በልጅነቴ እንደሞተች ታውቂያለሽ። እንዴት እንደተነገረኝ ግን ነግሬሽ አላውቅም። እሷ አዲ አርቃይ፣ እኔ እዚህ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። ጥር ላይ አረፈች። ልጅቱ የሚኒስትሪ ፈተና አለባት ተባለና ከኔ ተደበቀ። እናቴ እንዴት ናት ስል ደህና ናት ይሉኛል። የአንገት ልብስ ሠርቼ በማር ነጋዴ ላክሁላት፤ ደርሷታል፣ ወድዳዋለች አሉኝ። እኔ እስቃለሁ፣ ገመድ እዘላለሁ፣ በትንሣኤ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ጨፍሬአለሁ። ፈተናውን በጨረስሁ ማግስት ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ስጮህ እነሱም አለቀሱ። ግን ልጄ፣ ልቅሷቸው ሁለተኛ ልቅሶ ነበር። አርባዋ ወጥቷል፤ ተዝካሯ ተበልቷል፤ ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ ተጽናንቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ሥራው ገብቷል። እኔ ለሁሉም ያለቀ ሐዘን ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። የሚያባብሉኝ እንደ ሕፃን እንጂ እንደ ሐዘንተኛ አልነበረም። ጥቂት ቀን አለቀስሁና አፍሬ ተውሁት።

ከዚያ ወዲህ ደህና ነው የሚል ቃል ከጆሮዬ አልፎ አልገባም። ድምፅሽን ስሰማ ለአፍታ አምናለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ እንደገና እጀምራለሁ። አንቺን ሳስጨንቅ የኖርሁት በዚህ ነው። ይህን የምልሽ ይቅር በዪኝ ለማለት አይደለም፤ አንቺ ምን አጠፋሁ ስትዪ እንዳትኖሪ ነው።

ኤሌኒ ያኔ ከነበሩት በሕይወት ያለ አለ ወይ አለችኝ። አለ፤ የእናቴ ወንድም፣ አያ ላቀው። እሱም የአባትሽን መታመም ሰምቶ፣ መንገዱ የተከፈተ ዕለት ከአዲ አርቃይ ተሳፍሮ ሊጠይቀው መጣ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ አጠገቡ ተቀመጥሁና በዚህ ሁሉ ዘመን ያላነሣሁትን አነሣሁበት።

"አያ፣ እናቴ ስታርፍ እኔን ጠይቃ ነበር?"

በትሩን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ምነው ዛሬ?"

"ዛሬ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ።"

"ጠይቃለች" አለ። "'የትዬ ደረሰች?' ትላለች። እየመጣች ነው እንላታለን። 'የት ደረሰች?' ስትል ደባርቅ ገብታለች አልናት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠየቀች። ሊማሊሞን እየወረደች ነው አልናት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በዚያው አረፈች።"

እናቴ ዓይኗን የጨፈነችው እኔን የሊማሊሞን ቁልቁለት ስጠመዘዝ እያየች ነው። እኔ ግን ያን ቀን እዚህ ተቀምጬ ሒሳብ እሠራ ይሆናል፤ ወይም ገመድ እዘል ይሆናል። እሷን መጣች ብለው ዋሿት፣ እኔን ደህና ናት ብለው ዋሹኝ፣ ሁለታችንም አመንን። ከመኻል ያለውን መንገድ ግን ማንም አልሄደበትም።

አያ ላቀው ላይ የምጮህ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ፂሙ ርሷል። "ደስ ይበላት ብለን ነው፣ የትዬ። ፊቷ ፈክቶ ነበር" አለኝ። "እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ገደል በማኪና ስወርድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰው ገደሉን ፈራ ይለኛል።"

አቅፌው አለቀስሁ። እሱም አለቀሰ። ብርቄ በመስኮት ብቅ ብላ አየችንና፣ ለአባትሽ የምናለቅስ መስሏት በምልክት ዝም በሉ አለችን።

ለኤሌኒ ስነግራት ብዙ አልተናገረችም። ለእናቴ ያልተፈቀደልኝን ሐዘን አሁንም ላዝንላት እንደምችል፣ ማንንም ማስፈቀድ እንደማያስፈልገኝ ብቻ ነገረችኝ። ባለፈው ዓርብ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ልደታ ሄድሁ። ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ፤ ግንቡን ተደግፌ ለእናቴ እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጥሁላት። ስሟን ጠርቼ አለቀስሁ። ልብሴ የቀለለኝ መሰለኝ። ከዚያ በፒያሳ በኩል በእግሬ ተመለስሁ።

ማሰብ ነበረብኝ። ባሏ የታመመባት ሴት ነጠላ አዘቅዝቃ በፒያሳ ስትሄድ ጎንደር ምን ይላል? ማናዬ ከባንኩ ደጃፍ አይታኝ ምንም ሳትጠይቅ ባጃጅ ይዛ ቀድማኝ ደርሳለች። ስደርስ ግቢያችን በር ላይ ሴቶች ተሰብስበው ልቅሶው ተጀምሯል፤ ዕድሩም ድንኳን እንዲያመጣ ተልኮበታል። ኧረ ማንም አልሞተም ብል፣ ደንግጣ ነው እያሉ በግራና በቀኝ ደግፈው አስገቡኝ። ማናዬ በእንባዋ መካከል ጥርሴን እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቀችኝ።

ውስጥ አባትሽ ማስታገሻውን ወስዶ ተኝቶ ኖሮ ጩኸቱ ቀስቅሶታል። ብርቄ እጁን ይዛ ተቀምጣለች።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ።

"ማንም" አለችው ብርቄ።

"እኔ ነኝ መሰለኝ።"

ሳቅን፤ ብርቄም ሳቀች። ከዚያ ዓይኑን ወደ በሩ አድርጎ፣ መድኃኒቱ ሲይዘው በሚመጣው በዚያ በቀጠነ ድምፅ "ብሌን ደረሰች?" አለ።

ብርቄ አልዘገየችም። "እየመጣች ነው፣ ወንድምዬ። አዲስ አበባ ገብታለች" አለችው።

ፊቱ ፈካ።

ልጄ፣ ያን ፊት አየሁት። አያ ላቀው የነገረኝ የእናቴ ፊት እንዲህ ነበር ማለት ነው። ውብ ነበር፤ እውነቴን ነው። ዝም ብል ኖሮ በዚያ ፊት ይተኛ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በስሙ ጠራሁትና "አልመጣችም፣ በላቸው" አልሁት። "አልነገርናትም። መታመምህን አታውቅም።" ብርቄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ ሲጠፋ አየሁት፤ ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ዓይኑ ጠራና የራሱ ድምፅ መጣ።

"ብትሰማ ትቆጣለች?"

"ትቆጣለች።"

"በኔ ነው፣ በአንቺ?"

"በሁላችንም።"

"ትቆጣ" አለ። "ንገሪያት።"

ብርቄ ከዚያ ቀን ወዲህ በቀጥታ አታናግረኝም። ለግድግዳው ታወራለች፤ ልጅቱ ዲፌንሷን ብትወድቅ ይህች ሴትዮ ናት ተጠያቂዋ ትለዋለች። ግድግዳውም እኔም እንሰማለን። እውነቷንም ሊሆን ይችላል። ይህን ወረቀት ይዤ ቅዳሜና እሑድ የተቀመጥሁት ለዚህ ነው። ትናንት ስትደውዪ ስልኩን ለብርቄ ሰጥቼ ጓዳ የገባሁትም ለዚሁ ነው፤ ተኝቷል ስትልሽ ሰምቻለሁ። ድምፅሽን የሰማሁ እንደሆነ ደህና ነን የሚለው ቀድሞኝ ይወጣል፤ አፌ የለመደው እሱን ነው። በወረቀት ግን አቁሜ ላየው እችላለሁ። ጨርሼ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ነዪ አልልሽም። ቅሪም አልልሽም። የጉዞውን ነገር፣ የዲፌንሱን ነገር፣ መምህርሽ ቀን ይለውጥልሽ አይለውጥልሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔን ያኔ ማንም አላስመረጠኝም፤ አንቺ ምረጪ። መጥተሽ ብትደርሺ፣ ወይም ሥራሽን ጨርሰሽ ብትዘገዪ፣ ወይም ከዚያው ሆነሽ በስልክ ብታናግሪው፣ ከኔ ዘንድ ወቀሳ አይመጣብሽም። መቆጣት ከፈለግሽም ተቆጪ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ማናዬ ከመጣች በሩን እዘጋለሁ።

ስትደውዪ ሹራቡን አናለብሰውም። እንዳለ ታይዋለሽ፤ ከስቷል፣ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል። አትደንግጪ አልልሽም። ድምፁ ግን ያው ነው። ሲሻለው ካርታ አምጡልኝ ይልና ከፑኔ ሙምባይ፣ ከሙምባይ አዲስ አበባ በጣቱ ይሄዳል። እኔ አልደውልልሽም፤ ቃሌ ቃል ነው። ስልኩ ግን አጠገቤ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን።

ክፍልሽን ትናንት አጸዳሁት። አልጋሽንም አንጥፌዋለሁ፤ አንሶላው መታጠብ ስለነበረበት እንጂ ለሌላ አይደለም።

አባትሽ ግንባርሽን ስሞሻል፤ ሳይነግረኝ የጻፍሁ እንዳይመስልሽ፣ አሁን ጠይቄው ነው። ብርቄም ለግድግዳው ሰላም በያት ብላለች። ሥላሴ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቁሽ። ልደታ ከፊትሽ ትቅደምልሽ። እናቴ ልትባርከኝ ያልደረሰችውን ምርቃት ሁሉ እኔ በሷ ፈንታ ለአንቺ መርቄዋለሁ።

ሐሙስ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አለን። ያለውን ሁሉ፣ እሱ በተናገረበት ቃል፣ የዚያኑ ዕለት እጽፍልሻለሁ፤ ደህና ካለ ደህና፣ ከፋ ካለ ከፋ።

እናትሽ
የትነበርሽ